የጠጅ ቤት ቲሸርት በወሎ መንገድ፦ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ

በወይን አገሮች ትንንሽ ወይን ጠማቂዎች ጠርሙስ ብቻ አይሸጡም። ሠዓሊ የሣለውን ቲሸርትም ከጠርሙሱ አጠገብ ይሰቅላሉ። የሠዓሊና የወይን ዝምድና ቆየት ያለ ነው። ፈረንሳይ አገር ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የየዓመቱን የጠርሙስ መለያ ለሠዓሊ ያሠራል፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ሳይሆን ወይኑን ነው። ወሎ ውስጥ ወይን ጠማቂ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ግን መንገድ ስቷል፤ እዚህ በትንሹ ጠምቆ የሚሸጥ ጠጅ ጣይ ነው። ይህ ማስታወሻ ላሊበላ ለሚገኝ አንድ ጠጅ ቤት 50 ቲሸርት ለማሳተም የሚወጣ ሰው በየቀኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ይናገራል። መንገዱ ሰላም መሆኑን በየማለዳው ከመናኸሪያ ሾፌሮች መጠየቅ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

እሑድ፦ አዲስ አበባ – ኮምቦልቻ

376 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት ነው። ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ከዚያ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ቁልቁል። ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ይገባል።

ባዶው ቲሸርት ከመርካቶ ተገዝቶ መኪና ላይ መጫን አለበት። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነው ብሎ ባዶ እጁን የሚሄድ ይቸገራል። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ስሙ የወጣው በአንሶላና በፎጣ ነው፤ ይህ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ቲሸርት ግን እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት የተሠራ ስለሆነ ማሽኑም ሌላ ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው ጥጥነቱ ነው። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር ስቦ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ብን የሚል አመድም ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ቀለሙን ለማጽናት ሙቀት ሲነካው የፖሊስተሩ ማቅለሚያ ወደ ላይ ይወጣና ቀይ ልብስ ላይ የታተመ ነጭ ሥዕል ሮዝ ሆኖ ያድራል። ውፍረቱ በሜትር ካሬ ከ160 እስከ 180 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ከ140 በታች የሆነው ሲታተምበት ይጨማደዳል፣ ከታጠበ በኋላም አንገቱ ይላላል።

የምንይዘው 50 ክሬም ቀለም ያለው ነው። ትንሽ (ኤስ) 8፣ መካከለኛ (ኤም) 16፣ ትልቅ (ኤል) 16፣ ኤክስ ኤል 8፣ ድርብ ኤክስ ኤል 2። ለአሳላፊዎች ደግሞ 4 ጥቁር ቡናማ፤ ማርና ጌሾ ክሬም ልብስ ላይ የሚተወው ቢጫ እድፍ በሳሙና አይለቅምና። ክሬሞቹ ሁሉ ከአንድ እስር መሆን አለባቸው፤ ከሁለት እስር የመጣ ክሬም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሁለት ዓይነት ክሬም ነው።

ማታ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሥራ አለ፤ ነገሩን ሁሉ የሚያቃናውም እሱ ነው። ለማተሚያ የሚሆኑት ሁለቱ ፍሬሞች (ወንፊት የተወጠረባቸው፣ ስክሪን የሚባሉት) ኢማልሽን፣ ማለትም ብርሃን ሲመታው የሚጠነክር ቅባት፣ የሚቀቡት እዚህ ነው እንጂ ደሴ ላይ አይደለም። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለና ደረቅ ነው። ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጉም ውስጥ የተቀመጠ ከተማ ነው። ኢማልሽን ውስጡ እርጥበት ከቀረ ብርሃን ቢመታውም አይጠነክርም፤ ሲታጠብ ከነሥዕሉ ተልጦ ይሄዳል። መብራቱ ቢጫ በሆነ ክፍል ውስጥ በአንዱ በኩል አንድ ጊዜ፣ በሌላው በኩል አንድ ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት፣ የሚታተምበትን ፊት ወደ ታች አድርጎ አጋድሞ ማሳደር፣ ጠዋት በጥቁር ላስቲክ መጠቅለል። አቁሞ ያደረቀው ሰው ታችኛው ጠርዝ ላይ ወፍራም ከንፈር ያገኛል።

ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካም ከተማ ነው፤ የቢራ ካናቴራ የለበሰ ሰው የማይታይበት ሰፈር የለም። ያ ካናቴራ በነፃ የታደለ ነው። ሰው ማስታወቂያ በነፃ ይለብሳል እንጂ ገዝቶ አይለብስም። ስሙን ደረት ላይ በትልቁ ጽፎ በገንዘብ ልሽጥ የሚል ጠጅ ቤት የሚወዳደረው በነፃ ከሚታደል ልብስ ጋር ነው። ሠዓሊ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ደረቱ ላይ ሥዕሉ ይሁን፤ የቤቱ ስም ከኋላ ከአንገት ሥር፣ በ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል።

ሰኞ፦ ባቲ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ስለሆነ ለሠዓሊ ቀለም መመልከቻ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። የሰው ፊት ሳይጠይቁ ፎቶ አንስቶ ቲሸርት ላይ ማውጣት ግን አይሆንም፤ የማንም ሰው ፊት የጠጅ ቤት ዕቃ አይደለም።

እዚህ የሚታሰብ ሌላም ነገር አለ። ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስም ናቸው፣ የቅኝትም ስም ናቸው። ትዝታና አንቺሆዬ ሲጨመሩ አራት ቲሸርት የሚወጣው ተከታታይ ሥራ ይሆናል፤ ገዢው አንዱን ይዞ ሌላውን ይመኛል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ስለሆነ ብርሌ የተሣለበትን የማይለብስ ደንበኛም ብዙ ነው። ንብ፣ አበባና ቀፎ ያለበትን ግን ጠጅ የሚጠጣውም ብርዝ የሚጠጣውም ይለብሰዋል። ለመጀመሪያው ሥራ ንብና አደይ አበባ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ማታ ወደ ኮምቦልቻ መመለስ።

ማክሰኞ፦ ደሴ

25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ሀረጎን መውጣት አለ። ፍሬሞቹ በጥቁር ላስቲክ እንደተጠቀለሉ ከመቀመጫ ሥር ይሁኑ። መስኮት ዳር ያስቀመጣቸው ሰው ደሴ ሲደርስ ብርሃን መትቶት ሙሉ በሙሉ የጠነከረና ሥዕል የማይቀበል ፍሬም ይዞ ይወርዳል።

የሠዓሊው ሥራ ወደ ፊልም (ሥዕሉ በጥቁር ወደሚታተምበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ) የሚለወጠው ዛሬ ነው። ወረቀት ላይ የሚያምር ሥዕል ሁሉ ጨርቅ ላይ አያምርም። በውሃ ቀለም ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጥላ በእጅ ማተሚያ አይወጣም። ሠዓሊው ከመጀመሪያው በሁለት ቀለም (በማር ቀለምና በጥቁር)፣ በሙሉ ጠፍጣፋ ቀለምና በወፍራም መስመር ማሰብ አለበት። የመስመሩ ውፍረት ከ0.5 ሚሊ ሜትር አይነስ። በሁለት ጥቁር መስመሮች መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ከ0.7 አይነስ፤ ቀለም ሹራብ ላይ ይሰፋልና። የንቧ ክንፍ ጅማቶች መጀመሪያ የሚጠፉት በዚህ ነው። ጥቁሩ መስመር በማር ቀለሙ ጠርዝ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መደረብ አለበት። ልክ ጠርዝ ለጠርዝ የተገጠመ ሥዕል ጨርቁ ትንሽ ሲንሸራተት መካከሉ ላይ ክሬም ስንጥቅ ያሳያል። ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለመካከለኛው ያምራል፣ ለትልቁም ያስኬዳል። የሥዕሉ አናት ከአንገቱ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ከወረደ ንቧ ሆድ ላይ ትቀመጣለች።

ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፊልም፣ አንድ ፍሬም። ለማር ቀለሙ በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ወንፊት፣ ለጥቁሩ መስመር 77 ክር ያለው። በ43ቱ ቀጭን መስመር ማተም ጠርዙን መጋዝ ያስመስለዋል።

ፊልሙ ፍሬሙ ላይ ተደርጎ ብርሃን ይመታዋል፤ ጥቁሩ የሸፈነው ኢማልሽን ሳይጠነክር ይቀርና በውሃ ታጥቦ ለቀለም መንገድ ይከፍታል። ብርሃን መምታት ላይ የፀሐይ ነገር አይታመንም። ደሴ ላይ ጉሙ በአሥር ደቂቃ ይመጣል፣ በአሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ትናንት 3 ደቂቃ የበቃው ዛሬ 8 ይፈልጋል። አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ማተሚያ ቤት መምረጥ ይሻላል። መጀመሪያ በቁራጭ ፍሬም አምስት እርከን መሞከር፦ አንድ ካርቶን በየደቂቃው እየሳቡ መሸፈን። ሲታጠብ ከውስጥ በኩል የሚያሟልጭ ከሆነ ብርሃኑ አንሷል። ቀጫጭኑ መስመር አልከፈት ካለ በዝቷል። በመካከሉ ያለው ነው ልኩ።

«ነገ ይደርሳል?» ሲባል «አብሽር» የሚለው መልስ የደሴ ሰው መልካም ልብ ነው፤ የማስረከቢያ ሰዓት ግን አይደለም። ሰዓቱን በቁጥር ማስጻፍ።

ረቡዕ፦ ደሴ፣ የማተሚያ ቀን

ቀለሙ በውሃ የሚሠራው ዓይነት ነው። ክሬም ጨርቅ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲለበስ እንደ ላስቲክ አይደርቅም። ፕላስቲሶል የሚባለው የፕላስቲክ ቀለም ለጥቁር ቡናማዎቹ አራት ይቀመጥ፤ ነጭ በአንድ ቀለም ብቻ። የውሃው ቀለም ጥቁር ልብስ ላይ ይዋጣል። የውሃ ቀለም ጠላቱ ደረቅ አየር ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቢሆን አሥረኛው ልብስ ሳይደርስ ወንፊቱ ውስጥ ደርቆ ቀዳዳውን ይዘጋል። የደሴ እርጥበት ትናንት ለኢማልሽኑ ጠላት የነበረው ዛሬ ለቀለሙ ወዳጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራ ሲቋረጥ ቀለሙን በፍሬሙ ላይ ስስ አድርጎ ማልበስ እንጂ ባዶ ወንፊት ትቶ ቡና መጠጣት የለም።

አስተታተሙ እንዲህ ነው። ልብሱ ጣውላው ላይ በሚጣበቅ ስፕሬይ ይያዛል። ፍሬሙ ከጨርቁ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መግፊያው ጎማ በ75 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ በእኩል ጉልበት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ሦስተኛው ግፊት ቀለሙን ከመስመሩ ውጪ ያፈሰዋል። ሃምሳውም ላይ መጀመሪያ የማር ቀለሙ ታትሞ እጅ እስከማይነካ ይደርቃል፣ ከዚያ ጥቁሩ ይከተላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ፊልሙ ጥጎች ላይ ያለው የመስቀል ምልክት ነው። እሱን በወረቀት ላይ ሳያስተካክሉ ልብስ ላይ መጀመር ሁለት ሦስት ቲሸርት ማቃጠል ነው። አንድ ኪሎ ቀለም ለዚህ ሥራ ተርፎ ይመለሳል፤ ደረት የሚሞላ ሥዕል እንኳ በአንድ ልብስ ከ15 ግራም ብዙም አያልፍም።

ከዚያ ሙቀት። ብዙ ሥራ የሚበላሸው በማተሙ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። የውሃ ቀለም መጀመሪያ ውሃው በአየር መውጣት አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ሂት ፕሬስ (በሙቀት የሚጫን ማሽን) ሥር ከገባ እንፋሎቱ ያፍነዋል፣ ሙቀቱም ቀለሙን ሳያጸና ውሃ ሲያተን ያልቃል። ከደረቀ በኋላ 160 ዲግሪ ላይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ፣ ወይም ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ያለውን ጎረቤት መለመን እንጂ የከሰል ካውያ ማንሣት አይገባም። የከሰል ካውያ አንዱ ጎኑ ያቃጥላል፣ ሌላው ለብ ብሎ ይቀራል፣ አመዱም ይረግፋል። የኤሌክትሪክ ካውያ ያስኬዳል፦ ያለ እንፋሎት፣ የጥጥ ሙቀት ላይ፣ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ፣ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ በየመዳፉ ስፋት 3 ደቂቃ። ለሃምሳ ልብስ ግን ክንድ ይጨርሳል። የቡናማዎቹ ፕላስቲሶል ሲዘረጋ ከተሰነጠቀ ሙቀቱ እስከ ሥሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ይመለስ።

ሐሙስ፦ ሐይቅ – ውጫሌ – ወልድያ

ከመነሣት በፊት አንድ ቲሸርት መሥዋዕት ይሆናል። ርዝመቱና ስፋቱ ተለክቶ በለብ ያለ ውሃና በልብስ ሳሙና ይታጠባል፣ እርጥቡ ሥዕል በነጭ ጨርቅ ይታሻል። ነጩ ጨርቅ ጠቆር ካለ ሁሉም ወደ ሂት ፕሬስ ይመለሱ፤ ላሊበላ ከደረሱ በኋላ መመለሻ የለም። ሲደርቅ ደግሞ ይለካል። ርዝመቱ ከመቶ 5 ገደማ ቢያጥር የጥጥ ጠባይ ነው። ከመቶ 8 ካለፈ ገዢው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ እንዲወስድ መናገር ግድ ነው።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን የተሣለው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የዚህ ገዳም ነው። የጥንት የብራና ሠዓሊዎች ጠፍጣፋ ቀለም ሞልተው በጥቁር መስመር ይከቡት ነበር፤ ጥላ የለም፣ መደብዘዝ የለም። ስክሪን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አሠራሩን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አሠራሩን ነው እንጂ ሥዕሉን አይደለም። የቅዱሳን ሥዕልና የላሊበላ መስቀል ጠጅ ቤት ልብስ ላይ ከወጣ አገሩ ያዝናል፣ ሻጩም ደንበኛ ያጣል።

ቀጥሎ ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ አገር አዋግቷል። ከሠዓሊው ጋር ያለው ውልም እዚሁ ምሳ ላይ ቢነበብ ደስ ይላል፤ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ትርጉም። ምን ምን ይኑረው? ስንት ልብስ እንደሚታተም (50 ብቻ፤ ሁለተኛ ዙር ሌላ ክፍያ)። ሥዕሉ ቲሸርት ላይ ብቻ ነው ወይስ ጠርሙስና ምልክት ላይም ይወጣል? የሠዓሊው ፊርማ የት ይቀመጣል፤ የሥዕሉ ታችኛ ጥግ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ፊልሙ በማን እጅ ይቀራል? ክፍያው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በተሸጠ ልብስ ቁጥር? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ሳይጻፍ የቀረውን ነገር ግን ፍርድ ቤት ወስዶ ከሚያከራክር እንጀራው ሳይነሣ መጻፍ ይሻላል። እንደ ፈረንሳዮቹ በጠጅ ልክፈል የሚል ካለ ሠዓሊውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጠጅ እንደ ቦርዶ ወይን ሃያ ዓመት አይቀመጥም።

ውርጌሳን፣ መርሳን አልፎ ማደሪያው ወልድያ።

ዓርብ፦ ወልድያ – ጋሸና – ላሊበላ

ዳገት፣ ብርድ፣ ከዚያ አቧራ። ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ነው። የክሬም ልብስ ጠላቱ አቧራ ስለሆነ እያንዳንዱ ቲሸርት በየላስቲኩ ይገባል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ስስ ወረቀት ይደረግ። አዲስ የታተመ ሥዕል ፊት ለፊት ታጥፎ ጭነት ሥር በሙቀት ከዋለ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ማታ ጠጅ ቤቱ። ልብሱ የት እንደሚሰቀል የሚወሰነው ጠጁ የት እንደሚጣል ከታየ በኋላ ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት፣ ሲቀጥን በአራትና በአምስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ከብጥብጡ ትንሽ ተቀድቶ ጌሾው ይቀቀልበትና ይመለሳል። በሞቀ ቦታ ከሳምንት ትንሽ ቢያልፈው፣ ላሊበላን በመሰለ ብርዳም ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈላል። ጋኖቹ ያሉበት ክፍል የማር፣ የጌሾና የወይራ ጢስ ሽታ አለው፤ ጥጥ ደግሞ ሽታ ይጠጣል። ሽታውን የሚወድ አለ፣ ሻንጣው ውስጥ የማይፈልግም አለ። ክምችቱ ከጋን ክፍል ውጪ ይሁን፤ ለማሳያ አንድ ብቻ ብርሌ ከሚታጠብበት ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ቅዳሜ፦ ላሊበላ

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ማር ሻጩም ይመጣል። የንቧ ሥዕል እዚህ ማስረጃ አያስፈልጋትም፤ ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት የሚለውን ትውፊትና የስሙን ትርጓሜ ሕፃን ያወራዋል። እንግዳው ግን አያውቀውም። ስለዚህ ከልብሱ ጋር የምትታሠር ትንሽ ካርድ ሦስት ነገር ትያዝ፦ የሠዓሊውን ስም፣ ንቧ ለምን እንደተሣለች፣ የአስተጣጠቡን መመሪያ።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያካፍል ነው። ሃምሳ ታተመ ማለት ሃምሳ ተሸጠ ማለት አይደለም። አንዱ ለሙከራ ታጥቧል፣ ሦስት ያህሉ ቀለም ነክቷቸው ወይም ተንሸራተው ተበላሽተዋል፤ 46 ቀረ። የአሳላፊዎቹ አራትም ወጪ እንጂ ገቢ አይደሉም። ለምሳሌ ልብሱ፣ ማተሙ፣ ሠዓሊውና መጓጓዣው አንድ ላይ 36,800 ብር ቢሆን በ54 ያካፈለ ሰው አንዱ 681 ብር ያህል ወጣበት ብሎ በ750 ይሸጥና አተረፍኩ ይላል። በ46 ሲካፈል ግን 800 ነው፤ በየልብሱ 50 ብር ከኪሱ እየከፈለ ነው የሸጠው።

ብዙ ገዢ የሚመጣው ለገና፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ለዚያ የሚሆነው ሁለተኛ ዙር ኅዳር አጋማሽ ላይ ደሴ መድረስ አለበት፤ ታኅሣሥ ከገባ ማተሚያ ቤቱም መኪናውም ይጨናነቃል። መጀመሪያ የሚያልቀው መካከለኛው ቁጥር ይሁን ትልቁ፣ ስንቱ በየትኛው ቀን እንደሄደ ደብተር ላይ ይጻፍ። ድርብ ኤክስ ኤል ሁለቱም እስከ ፋሲካ ከከረሙ በቀጣዩ ዙር በትንሹ ቁጥር ይተኩ።

ፍሬሞቹ ይታጠቡና ለሌላ ሥራ ይሂዱ። ሁለቱ ፊልሞች ግን ሳይታጠፉ በካርቶን መካከል ተደርገው ይቀመጡ፤ ጀርባቸው ላይ የወንፊቱ ቁጥር፣ ብርሃን የተመታበት ደቂቃና የማር ቀለሙ ድብልቅ መጠን በእስክሪብቶ ይጻፍ፦ ስንት ግራም ቢጫ፣ ስንት ግራም ቡናማ። ይህ ካልተጻፈ የኅዳሯ ንብ ከዛሬዋ ጋር አንድ ቀለም አትሆንም።